ጆሮ ሳታደርጊ እንዳታስነሺው

ቅዳሜ፣ ኦገስት 2

ይህን ደብተር የገዛሁት የሥራ ሰዓቴን ልመዘግብበት ነበር፤ ዛሬ ግን ሰዓት ማን ያስታውሳል! ይገዙ አንጎራጎረ። ባሌ! መኪናውን ወደ ኋላ እያስኬደ፣ ጀልባውን የጫነውን ተሳቢ ወደ ግቢያችን ሲያስገባ፣ በኩሽናው መስኮት በጆሮዬ ሰማሁት። ዓመት ከዘጠኝ ወር ሙሉ ከ«እህ» እና ከ«ደህና» ሌላ ቃል ከአፉ ያልወጣ ሰው።

ማንም አያነበውም፣ ግን ልጻፈው። ይገዙ የፐንደልቶግ ነጂ ነበር። በዚያ ኅዳር፣ ከሚነዳው ባቡር ፊት ሰው ገባ። ጥፋቱ የሱ አልነበረም፤ ሁሉም ነገሩት፣ ወረቀትም መጣለት። ከዚያ ወዲያ ሹክስክሪቨን ሆኖ፣ በሕመም ፈቃድ፣ ቤት ተቀመጠ። ሳይኮሎግ ዘንድ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አስያዝኩለት፤ ሁለቴም ቀረ። «ሄጄ ምን ላወራ?» ነው የሚለኝ። ሶፋው የሱን ቅርጽ ያዘ።

ያወጡልኝ ጋሽ ዓለሙ ናቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ሱንድቢበሪ ነው የሚኖሩት፣ ከቤተ ክርስቲያን ነው የምንተዋወቀው፤ በወጣትነታቸው ምጽዋ የባሕር ኃይል ነበሩ። ጸደይ ላይ መጡና «ይገዙ፣ ብቻዬን ጀልባ አልገፋም፣ ወገቤ እምቢ ብሎኛል» አሉት። አብረው ገዙ። አሁን በየሳምንቱ ኒነስሃምን ድረስ ይጎትቱትና ባሕር ይገባሉ።

ሲመለሱ ደግሞ ጨውን የማጠብ ሥነ ሥርዓት አለ። ሞተሩን ያስነሱና ውሃ በውስጡ ያሳልፉበታል። ከጎኑ ቀጭን ውሃ ፊጭ ሲል፣ ጋሽ ዓለሙ እንደ መቶ አለቃ፦

«እየሸና ነው?»

«እየሸና ነው ጋሼ!»

እኔ መስኮቱ ላይ በሳቅ ሞትኩ። ጎረቤታችን ቶሚ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብሎ፣ እዚህ ባሕሩ እኮ ለስሙ ነው እንጂ ጨው የለውም፣ ማንም አያጥብም አላቸው። ጋሽ ዓለሙ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ጨው ጨው ነው። አንድ ቀን ብትተወው ብረት ይበላል፣ ስዊድናዊ ነው ብሎ አይምርህም።» ይገዙ ተረጎመለት። ይገዙ! ሁለት ዐረፍተ ነገር ሙሉ!

የሞተሩ እጥበት ሲያልቅ የውሃውን ጎማ ለኔ ይሰጡኛል፤ ተሳቢውን የማጥበው እኔ ነኝ። መንኮራኩሩን፣ ባሌስትራውን፣ ፍሬኑን። ጌታዬ፣ ተመስገን።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9

ዛሬ ሹመት አገኘሁ! ከባሕር ሲመለሱ ቀኑ መሽቶባቸው፣ ጋሽ ዓለሙ ለፍልሰታ ጸሎት እንዲደርሱ ይገዙ ሊያደርሳቸው ሆነ። ተሳቢውን ፈቱና «ዛሬ ሞተሩንም አንቺ እጠቢው» አለኝ። እኔ! ጋሽ ዓለሙ በመኪናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው፦

«ብርቄ! ውሃውን ክፈቺ፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ አስሩጪው። ብቻ ጆሮ ሳታደርጊ እንዳታስነሺው!»

«እሺ ጋሼ!»

ለጆሮዬ እንኳ የሚያስቡ ሰው። ከሣር ማጨጃው አጠገብ የተሰቀለውን ትልቁን የጆሮ መከለያ አጠለቅኩ፣ ውሃውን ከፈትኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳ! በመከለያው ውስጥ ከሩቅ እንደሚሰማ ንብ ነው። ሞተሩን ከላይ እስከ ታች አጠብኩት፣ ወደ ተሳቢው ዞርኩ፣ እየዘፈንኩ። ልጄ ፌበን በር ላይ ወጥታ ሁለት እጇን ታወዛውዛለች። የምትቀልድብኝ መስሎኝ እስክስታ መታሁላት። እየሮጠች መጥታ ቁልፉን አጠፋችው።

«ማማ፣ ሲጮህ ነበር እኮ! ፒፕ ፒፕ ሲል ነበር!» (በስዊድንኛ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም።)

«ሞተር አይደል? ይጮሃል።»

የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ከጎረቤት ነው ብዬ ተውኩት።

ይገዙ ሲመለስ «አጠብሽው?» አለ። አጠብኩት። «ሸና?»

«ሸና!» አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር።

እሑድ፣ ኦገስት 10

ምነው ባልገባሁ ጋራዥ።

ባልዲ ስፈልግ ከጀልባው ዕቃ መሃል አንድ ነገር አገኘሁ፤ እንደ መቆንጠጫ የታጠፈ ሽቦ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ የላስቲክ ጽዋ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች፣ በአንዱ በኩል የውሃ ጎማ የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው። ቶሚ አበባውን ያጠጣል፤ አሳየሁትና ይህ ምንድን ነው አልኩት።

«ስፖልኧሮን» አለኝ።

ኧሮን። ጆሮ።

ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ኖሬ፣ በሄምሸንስት ሥራዬ በየቤቱ እየዞርኩ የስንቱን ሽማግሌ ጆሮ አጥቤ፣ ይህን ቃል ላላውቅ! የሞተሩ ጆሮ ነው። ጋሽ ዓለሙ ከስዊድንኛው መልሰው «ጆሮ» ብለው የጠሩት ነው። ሞተሩ እግር ላይ በግራና በቀኝ ይጣበቅና ውሃ ወደ ውስጥ ያስገባል። እኔ የሱን ጆሮ ባዶ ትቼ የራሴን ሸፈንኩ።

ቶሚ ደስ ብሎት ያስረዳኛል። ሞተሩ እግር ውስጥ ውሃ የምትስብ ትንሽ የላስቲክ መዘውር አለች። ውሃ ከሌለ ደረቁን ትፈተጋለች፣ ክንፎቿ ይቆራረጣሉ። ያኔ ሞተሩ ማቀዝቀዣ የለውም፤ ይግልና ቀጥ ይላል። ለስንት ደቂቃ ነው አልኩት። ግማሽ ደቂቃ ይበቃታል አለ።

«አምስት ደቂቃስ?»

ሳቀ። «ያኔማ በስላለች!»

ዛሬ እራት ላይ እነግረዋለሁ።

እሑድ ማታ

እራት ላይ ይገዙ ስለ ዓሣ ግማሽ ሰዓት አወራ። የትኛው ድንጋይ ሥር እንደሚተኛ፣ እንዴት እንደሚነክስ። ፍልሰታ ገብቶ ማንም ዓሣ አይበላ፣ ማቀዝቀዣው ሞልቷል፣ እሱ ግን ያወራል። እንዴት ብዬ ላቋርጠው?

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

በሥራ መኪና ውስጥ። ሰባት ደቂቃ አለኝ።

አልነገርኩትም። መሳሳቴን ይቅር ይለኛል፣ ይስቃል እንኳ። የሚያንቀኝ «ሸና» ማለቴ ነው። ሳላይ። ማን አስገደደኝ?

ደግሞ ምናልባት ምንም አልሆነም። ፌበን ቶሎ አጥፍታዋለች። አምስት አይሆንም፣ ሦስት ነው። ሦስትም አይሞላ።

እሑድ፣ ኦገስት 17

ትናንት ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ስልኬን ስነካካ አንዷ የምጦራት አሮጊት «ፍቅር ይዞሻል እንዴ?» አለችኝ። አሥር ሰዓት ላይ ተመለሱ፣ ፀሐይ አቅልቷቸው። ልስማቸው ነበር። ከዚያ ማጠብ ጀመሩ፣ በደንቡ፣ ጆሮውን አድርገው። መስኮቱን ከፍቼ ቆምኩ።

«ይገዙ፣ ሽንቱ ቀጥኖብኛል።»

«አዎ ጋሼ፣ እኔም አይቻለሁ። ክር አክሏል።»

«እንደኔ አርጅቶ ነዋ! እሱም ሌሊት ሦስቴ ይነሳ ይሆናል።»

ሁለቱም ይስቃሉ። ይገዙ ቀጭን ሽቦ ወደ ቀዳዳዋ ከቶ ጎረጎረ። «ጨው ደፍኖት ይሆናል» አለ። ጋሽ ዓለሙ «ብዬህ ነበር፣ ጨው አይተኛም» አሉ።

ጨው! ምስኪን ጨው በኔ ኃጢአት ተከሰሰ። ቶሚ እንዳለው ማንም ባያጥበው ኖሮ እኮ ሞተሩ ዛሬ ጤነኛ ነበር።

በዚያች ሰዓት መናገር ነበረብኝ። በሩ አምስት እርምጃ ነው። ጎማው ተሰጠኝ፣ ተሳቢውን አጠብኩ። ያንኑ መንኮራኩር አራት ጊዜ ሳጥብ ይገዙ «ቀለሙን ልታወጪው ነው» አለኝ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 20

ፌበን አጥር ሥር አፋጠጠችኝ። ቶሚ ነግሯታል፣ ወይም ራሷ ፈልጋ አንብባለች።

«ፓፓ ያውቃል?»

«ምኑን?»

«ማማ።»

እሷ ቀጠለች፦ እዚያ መሃል ላይ ቢቆም፣ ነፋስ ቢነሳ፣ ወዴት ነው የሚገፋቸው? ጋሽ ዓለሙ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ሊቀዝፉ ነው? ትነግሪዋለሽ ወይስ እኔ ልንገረው?

«አባትሽ አሁን ነው እኮ መናገር የጀመረው። ይህን ካወቀ ጀልባዋን ይተዋል። ከዚያስ?»

«ከዚያ በሕይወት ይኖራል» አለች። በአማርኛ! ስንት ዓመት ለምኜያት ያልተናገረችውን አማርኛ፣ ለዚህ አወጣችው።

በማርያም ብዬ አስማልኳት፣ እኔው እስክነግረው ዝም እንድትል። በገዛ ልጄ አፍ ላይ ቁልፍ አደረግሁ።

ዓርብ፣ ኦገስት 29

የሞተሩን ቁልፍ ደበቅኩ። መግቢያው ጋ ካለው መንጠቆ ላይ አወረድኩና ሽሮ ዕቃው ውስጥ ቀበርኩት። ነገ አይሄዱም። እስከዚያ ዘዴ አገኛለሁ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 30

አልሄዱም። ግን ምን አደረግሁ?

ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይፈልግ ጀመር። መንጠቆው፣ መኪናው፣ ጀልባው ውስጥ፣ ኮቱ ኪስ። ኪሱን ሁለቴ ገለበጠው። እኔም አብሬው ፈለግሁ! የሶፋውን ትራስ አነሳሁ፣ «እስቲ እዚህ ጋ» አልኩ። ጋሽ ዓለሙ ደውለው «አይዞህ፣ ባሕሩ የትም አይሄድም» አሉት። እሱ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እዚህ ነበር የሰቀልኩት። ሰቅዬዋለሁ።» መዳፉን አየና፣ «ወይስ አልሰቀልኩም?»

«ሰው ይረሳል፣ ይገዙ።»

«የዚያን ቀንም ፍሬኑን የያዝኩባትን ሰከንድ አላስታውስም። ይዣለሁ ይላል መዝገቡ። እኔ አላስታውስም።»

ስለዚያ ቀን ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነው። እኔ ምን አልኩት? «ሻይ ላፍላልህ» አልኩት።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 1

ቁልፉን ኮቱ ኪስ ውስጥ አደረግሁት። እሱው እንዲያገኘው። አገኘው።

«ሁለቴ ፈትሼው ነበር» አለ። አልጮኸም። ለኔም አይደለም የተናገረው፣ ለኮቱ ነው።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 4

ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ይለጥፋል። «ቁልፍ፣ መንጠቆ።» «ምድጃ አጥፋ።» «ሮብ ቆሻሻ።» ዛሬ ስልክ ይዞ ጓዳ ገባና በሩን ዘጋ፤ ስገባ ስልኩን ዘጋው። ማን ነው አልኩት። «ማንም» አለ። እንደገና አንድ ቃል ሆነ።

ዝምታውን ፈርቼ ዋሸሁ፣ ዝምታውን በእጄ መልሼ አመጣሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ባሕሩ መስሎኝ ነበር።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 7

ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ዓለሙ አበሰሩን። በመጪው ቅዳሜ፣ ከዕንቁጣጣሽ ማግስት በኋላ፣ የዓመቱን የመጨረሻ ጉዞ ከደሴቶቹ ውጭ ያደርጋሉ። ድንኳን ይዘው፣ አድረው። «ይገዙ እስካሁን ያየው ባሕር አይደለም፣ ኩሬ ነው። ባሕር ማለት መሬት ሲጠፋ ነው!»

«ሞተሩስ ጋሼ?» አልኩ።

«ምን ሆነ ሞተሩ? ቀጭን ይሸናል እንጂ ይሸናል። ክረምት ሲገባ እንከፍተዋለን።»

ይገዙ ወደኔ አየ። ፈገግ አለ፣ ከኮቱ ነገር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ያ ፈገግታ አፌን ዘጋው።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11

ዘመን ተለወጠ። እኔ አልተለወጥኩም። ሦስት ጊዜ «ይገዙ» ብዬ ጠርቼው ሦስት ጊዜ ጨው አቀብለኝ አልኩት።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 13

ከጧቱ 11፡40። ሄዱ። ተሳቢው ሲወጣ በመስኮት እጄን አወዛወዝኩ። እሱም አወዛወዘ።

11፡55። ፌበን በፒጃማ ወርዳ አየችኝ። ምንም አላለችም። ጫማዬን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠች።

12፡20፣ ባቡር ውስጥ። ከሰፈራችን ከስፖንጋ አንድ መስመር ነው፣ ሳይቀየር ኒነስሃምን ያደርሳል። ስልኩን አያነሳም፣ ሲነዳ አያነሳም። ጋሽ ዓለሙ ስልካቸውን ፕላስቲክ ውስጥ አስረው ከረጢት ይከቱታል።

ይህን ባቡር ይነዳው ነበር። በየጣቢያው ሲቆም ፍሬኑን እሰማለሁ። ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም፣ ሃያ ሁለት ዓመት ተሳፍሬበት።

1፡05። ዛፎቹ ይወዛወዛሉ። ነፋስ ነው። ጌታዬ፣ እባክህ ነፋሱ ያቆያቸው። እባክህ።

1፡30። ቀድመው ገብተው ቢሆንስ? ወደቡ ላይ ቆሜ ማንን እጠራለሁ?

ቅዳሜ፣ ቤት

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አልገቡም ነበር። ነፋሱ እስኪበርድ ብለው መኪናው አጠገብ ቆመው ዳቦ ይበላሉ። ተሳቢው ቁልቁለቱ ላይ፣ መንኮራኩሩ ውሃው አፍ ላይ። ስሮጥ ያየኝ ይገዙ ዳቦውን ጣለ።

«ፌበን ናት? ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። ሞተሩን እንዳትነካው። ያለ ውሃ አስነስቼዋለሁ። ያን ቀን። ጆሮውን… የራሴን ጆሮ ነው ያደረግኩት።»

«የምን የራስሽን ጆሮ?» አሉ ጋሽ ዓለሙ።

«የሣር ማጨጃውን!» ብዬ ሁለት እጄን ጆሮዬ ላይ ደፋሁ።

ገባቸው። ሳቅ አፋቸው ድረስ መጣ፤ ይገዙን አዩና ዋጡት።

ይገዙ በጣም ቀስ ብሎ፦ «ሸና አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ።»

«አይተሽው ነው?»

«አላየሁም።»

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። እሱ ስለሌላው አልጠየቀም። ግን ከወጣ ይውጣ ብዬ፣ «ቁልፉንም የደበቅኩት እኔ ነኝ። ኪስህ ውስጥ የከተትኩትም እኔ ነኝ» አልኩት።

እንዲህ ጮኸ፦

«ሁለቴ! ሁለቴ ፈትሼው ነበር ብርቅነሽ! ሁለቴ! እኔ እኮ ጭንቅላቴ ሄደ ብዬ፣ አበድኩ ብዬ፣ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ! ተደብቄ! በገዛ ቤቴ ምድጃ አጥፋ ብዬ ወረቀት እለጥፋለሁ፣ አንቺ ቆመሽ ታነቢያለሽ!»

ወደቡ ላይ ያለው ስዊድናዊ ሁሉ ዞረ። አንዱ ውሻውን ይዞ ራቅ አለ። አዎ፣ ፈርቼዋለሁ። ግን ይህን ድምፅ ረስቼው ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው ረስቼው ነበር።

ተሳቢውን ከቁልቁለቱ አውጥተን በመኪናው ተመለስን። መሃል መንገድ ላይ ጋሽ ዓለሙ ከኋላ፦ «ጥፋቱ የኔ ነው። ጆሮ ብዬ ብቻ ዝም አልኩ። ወታደር ትእዛዝ ሲሰጥ አሟልቶ ነው።»

«እርስዎ ዝም ይበሉ፣ ጋሼ» አለ ይገዙ።

በሕይወቴ እሳቸውን እንዲህ ያላቸው ሰው አላየሁም።

ቤት ስንደርስ ወደ ውስጥ አልገባም። የመፍቻ ሳጥኑን አውጥቶ የሞተሩን እግር መፍታት ጀመረ። መስኮቱ ላይ ቆሜ፣ ይኸው ተዘጋ፣ አለቀ፣ እላለሁ። አንገቱን ሳያዞር፦

«ነይ ያዢልኝ!»

ሄጄ ያዝኩለት። ከባድ ነው፣ ቅባቱ እስከ ክንዴ ወረደ። ትንሿን የላስቲክ መዘውር በጣቱ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጣት። ስድስት ክንፍ አላት። ሁለቱ የሉም፣ ሦስተኛው በክር ተንጠልጥሏል።

«በዚች ነበር መሬት ወደማይታይበት የምንሄደው» አለ።

አለቀስኩ። አታልቅሺ አላለኝም። ጋሽ ዓለሙ የውሃ ጎማውን ሳያስፈልግ ይጠቀልላሉ። የተቆረጡትን ክንፎች በቱቦው ውስጥ በሽቦ ስንፈልግ ቆየን፣ ሁለቱንም አገኘናቸው፤ አንዷን እኔ ነኝ ያየኋት። ከዚያ እጃችንን ስንታጠብ፣ እንዳይቆጣ ዝቅ ብዬ፦

«ቀጠሮው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

«እኔ ደውዬ ልሰርዘው። ጭንቅላትህ እኮ ምንም አልሆነም፣ እኔ ነኝ ያሳበድኩህ።»

የእጁን ሳሙና አጠበ። «አትሰርዢው። እሄዳለሁ። አንዴ ከተቀመጥኩ የማወራው አላጣም።»

ፎጣውን ሰጠሁት። «አብሬህ ልምጣ?»

«ውጭ ትቀመጫለሽ» አለኝ።

ማክሰኞ የከሰዓት ሥራ ነበረኝ፤ ደውዬ ለወጥኩት። ለሐኪሙ ምን እንደሚል አላውቅም። ስለ ኅዳሩ ይሆናል። ስለ ኮቱ ኪስም ይናገራል፣ ስለ እኔም፣ ለማላውቀው ሰው፣ በተዘጋ በር።

ይናገር።